መርዶ፣ ጫት እና የራሁላ መስታወት

ባለፈው እትም በዚህ አምድ ስለ ቡድሂዝም ታሪክ ለቀረበ ጥያቄ አጭር መልስ ሰጥቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች ግን ስለ ታሪኩ ሳይሆን ስለ ሥነ ምግባሩ የሚጠይቁ ናቸው፤ አብዛኞቹም ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ የተነሡ ናቸው። አንዱ ከፋብሪካ፣ አንዱ ከሐዘን ቤት፣ አንዱ ከጫት ተራ ነው የመጣው። ስለዚህ የዚህን እትም አምድ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥቻለሁ። ጸሐፊዎቹ ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ በሰፈራቸው ብቻ እጠራቸዋለሁ። እኔ ራሴ ቡድሂስት አይደለሁም፤ የማቀርበው ትምህርቱ የሚለውን ነው፤ የራሴ ፍርድ የሆነውን ደግሞ የራሴ መሆኑን እናገራለሁ።

ጥያቄ፦ በልብስ ስፌት ፋብሪካ እሠራለሁ። ከስሪላንካ የመጣ አንድ ኃላፊ አለን፤ ክንዱ ላይ ያረፈችውን ትንኝ እንኳ እፍ ብሎ ያባርራታል እንጂ አይመታትም። ምክንያቱን ብጠይቀው «ትምህርታችን ነው» አለኝ። «ያዘዛችሁ አምላክ ማን ነው?» ስለው ግን «ማንም አላዘዘንም» ብሎ ሳቀ። አምላክ ያላዘዘው በጎና ክፉ በምን ላይ ይቆማል? ደግሞስ በትንኝ የሚተላለፉት ወባና ቺኩንጉንያ በሚያስቸግሩን በእኛ ከተማ በድሬዳዋ ትንኝ መግደል ክፉ ሥራ ነው ሊባል ነው? — ከሳቢያን

መልስ፦ ኃላፊዎ የሳቁት በእርስዎ ላይ አይመስለኝም፤ ጥያቄዎ ይህ ትምህርት ከሌሎች የሚለይበትን ቦታ በቀጥታ ስለነካ ነው። ቡድሂስት ምእመናን የሚቀበሏቸው አምስት ደንቦች አሉ፤ እነርሱም ሕይወት ያለውን ፍጡር ከመግደል፣ ያልተሰጠን ከመውሰድ፣ ከዝሙት፣ ከሐሰት ንግግርና አእምሮን ከሚያዘናጋ የሚያሰክር ነገር መታቀብ ናቸው። ዝርዝሩ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሚሆነው አነጋገሩ ነው። «አትግደል» የሚል የትእዛዝ ቃል የለበትም፤ ምእመኑ ራሱ ጥንታዊዎቹ ጽሑፎች በተጻፉበት በፓሊ ቋንቋ «ሕይወትን ከማጥፋት የመታቀብን የልምምድ ደንብ እቀበላለሁ» እያለ በገዛ አንደበቱ ይናገራል። ነገሩ እንደ ሙያ የሚለመድ ነው። ደንቡን ያፈረሰ ሰው የገባበትን ልምምድ አጓደለ እንጂ የአንድ ጌታን ቃል አልጣሰም፤ ስለዚህም ደንቡን እንደገና ተቀብሎ መቀጠል ይችላል።

መሠረቱን በተመለከተ ሁለት ነገሮችን ልጥቀስ። የመጀመሪያው ሕይወት ያለው ሁሉ ከሥቃይ የሚሸሽ መሆኑ ነው፤ ዳማፓዳ በተባለው የግጥም ስብስብ ውስጥ ሁሉም በትርን እንደሚፈራ፣ ሁሉም ሞትን እንደሚፈራ ከተናገረ በኋላ ሰው ሌላውን በራሱ መስሎ ከመግደልም ከማስገደልም እንዲቆጠብ ይመክራል። ሁለተኛውና ይበልጥ የተለየው የልብ ውጥን ነው። የትምህርቱ መሥራች ቡድሃ «ድርጊት የምለው ውጥንን ነው» ማለቱ በጥንታዊዎቹ ጽሑፎች ተመዝግቧል። በእኛ ከተማ «ሥራ ሁሉ በኒያ (በልብ ውጥን) ነው» የሚለውን ያልሰማ ሰው የለምና ይህ የቅርብ ዘመድ ሊመስል ይችላል፤ ዝምድናውም እውነት ነው። ልዩነቱ ግን በእስልምና ኒያን የሚያይና የሚመዝን ፈጣሪ መኖሩ ነው። በቡድሃ ትምህርት መዛኝ የለም፤ ውጥኑ ራሱ ዘር ነው፣ ማሳውም ዘሪው ራሱ ነው። በቁጣ የሚመታ ሰው ቁጣን የለመደ ሰው ይሆናል፤ ፍሬው ከዚያ ይጀምራል፣ ከሞት በኋላም በሚመጣው ልደት ይቀጥላል ይላሉ።

ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ልቤ ንጹሕ ነው ያለ ሁሉ ነጻ ነው ማለት ነው» ብለው እንዳይደመድሙ እሰጋለሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት በሰሜን ምዕራብ ህንድ የነገሠው ግሪካዊው ንጉሥ ሜናንደር፣ በቡድሂስቶች አጠራር ሚሊንዳ፣ ናጋሴና የተባለውን መነኩሴ እያወቀ ክፉ የሚሠራና ሳያውቅ የሚሠራ ቢወዳደሩ የማን ጥፋት እንደሚበልጥ ይጠይቀዋል። ንጉሡ የጠበቀው መልስ ግልጽ ነው። መነኩሴው ግን ሳያውቅ የሚሠራው ይብሳል ካለ በኋላ፣ የጋለ ብረት መሆኑን ሳያውቅ የጨበጠና አውቆ የነካ ሰው ቢሆኑ ይበልጥ የሚቃጠለው የትኛው እንደሆነ መልሶ ይጠይቀዋል። አለማወቅ በዚህ ትምህርት ራሱ ከክፋት ሥሮች አንዱ ነው።

ወደ ትንኟ ልመለስ። መግደል ሙሉ መግደል የሚሆነው አምስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ ሕይወት ያለው ፍጡር መኖሩ፣ ሕይወት እንዳለው ማወቅ፣ የመግደል ውጥን፣ ለዚያ የተደረገ ጥረት፣ በመጨረሻም ሞቱ። ሳያውቅ የረገጠ ሰው ከዚህ ውጭ ነው። ክብደቱም እንደ ፍጡሩና እንደ ልብ ሁኔታ ይለያያል፤ ትንኝና ሰው እኩል አይደሉም። የሕዝብን ጤና ከመጠበቅ አንጻር ደግሞ ከመጻሕፍቱ ይልቅ የኃላፊዎ አገር ራሷ ትመልስልዎታለች። ከሕዝቧ አብዛኛው ቡድሂስት የሆነችው ስሪላንካ በቤት ውስጥ ርጭትም በመድኃኒትም ወባን ስትዋጋ ቆይታ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ከወባ ነጻ መሆኗን አረጋግጦላታል። ኃላፊዎ ትንኟን እፍ ማለታቸውና መንግሥታቸው መርጨቱ የሚጋጩ ቢመስሉም፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጠው የሚኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ። እኔ ብሆን ውኃ የሚያቁረውን በርሜል በመክደን እጀምር ነበር፤ ያልተፈለፈለች ትንኝ ማንንም አታከራክርም።

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ በስደት በሚኖርበት አገር ከአንድ ወር በፊት አረፈ። እናታችን የልብ ሕመምተኛ ናት፤ በዚያው ሰሞን ሆስፒታል ተኝታ ስለነበር ዘመዶችና የዕድር ሽማግሌዎች ተመካክረው መርዶው እስክትጠነክር እንዲቆይ ወሰኑ። የማስታምማት እኔ ነኝ። በየቀኑ «ልጄ ምነው አልደወለም?» ትለኛለች፤ «ኔትወርክ የለም እማዬ» እላታለሁ። አንድ ቀን ስታለቅስ ባያት ጊዜ ግን «ትናንት ደውሎ ነበር፣ ተኝተሽ ነው፤ ሰላም በይልኝ ብሏል» አልኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። የንስሐ አባቴ ያጽናኑኛል፤ ነገር ግን በዚህ አምድ ስለ ቡድሃ ካነበብኩ በኋላ እርሱ ቢሆን ምን ይል ነበር እያልኩ አስባለሁ። — ከገንደ ቆሬ

መልስ፦ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ከሁሉም ረዘም ያለ መልስ የምሰጠውም ለእርስዎ ነው።

ቡድሃ በሐሰት ላይ ያለው አቋም ጥብቅ ነው። ልጁ ራሁላ በሕፃንነቱ ወደ ምንኩስናው ማኅበር ገብቶ ነበር። አባቱ አንድ ቀን ሊጎበኘው መጥቶ እግሩን ከታጠበ በኋላ በመቅጃው ውስጥ ጥቂት ውኃ አስቀርቶ፣ እያወቀ ሲዋሽ የማያፍር ሰው መንፈሳዊነቱ ይህችን ያህል ናት አለው። ቀጥሎ ውኃዋን ደፋት፤ ከዚያም መቅጃውን ገለበጠው፤ በመጨረሻ ባዶነቱን አሳየው፤ በእያንዳንዱም ያንኑ ነገር ደገመለት፣ ለቀልድም ቢሆን እንዳይዋሽ አስጠነቀቀው። ስለ ቡድሃ የቀድሞ ልደቶች የሚተርኩት የጃታካ ታሪኮችም ከዚህ አይርቁም፤ ወደ ቡድሃነት የሚጓዘው ሰው በልዩ ልዩ ልደቶቹ ሌሎቹን ደንቦች አፍርሶ ሊገኝ ቢችልም ለማታለል ብሎ እንደማይዋሽ በአንደኛው ታሪክ ተጽፏል።

ሁለተኛው ምስክር ወደ እርስዎ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል። አብሃያ የተባለ ልዑል ቡድሃን በጥያቄ ሊያጠምድ መጥቶ ሰውን የሚያስከፋ ቃል ተናግሮ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቀዋል። ልዑሉ ጭኑ ላይ ሕፃን ልጅ አስተኝቶ ነበር። ቡድሃም ይህ ሕፃን እንጨት ወይም ጠጠር ቢጎርስ ምን ታደርጋለህ ብሎ መለሰለት፤ ልዑሉ ደም እንኳ ቢፈስ በጣቴ አወጣዋለሁ፣ ስለምራራለት ነው አለ። ቡድሃ ከዚህ ተነሥቶ የራሱን ንግግር ሚዛን አስቀመጠ፦ እውነትና ጠቃሚ የሆነውን፣ ለሰሚው ደስ ቢያሰኝም ባያሰኝም፣ ጊዜውን ጠብቆ ይናገራል። እውነት ሆኖ የማይጠቅመውን አይናገርም፤ ሐሰት ሆኖ የማይጠቅመውንም አይናገርም። አሁን ልብ ይበሉ፤ በዚህ ዝርዝር ውስጥ «ሐሰት ሆኖ የሚጠቅም» የሚባል ነገር ጭራሽ አልተጠቀሰም። እርስዎን እንቅልፍ የነሳዎት ጥያቄ በትክክል ያልተጠቀሰው ነው።

ያልተጠቀሰውን የጠቀሱት ከብዙ ጊዜ በኋላ የመጡት፣ ማሃያና የተባለው የቡድሂዝም ክፍል ጽሑፎች ናቸው። የሎተስ ሱትራ በተባለው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሐኪም ልጆቹን መርዝ ጠጥተው ያገኛቸዋል። መድኃኒት ያዘጋጅላቸዋል፤ አንዳንዶቹ ጠጥተው ሲድኑ መርዙ ልባቸውን የሰወረባቸው ግን አንጠጣም ይላሉ። አባትየው መድኃኒቱን ትቶላቸው ወደ ሩቅ አገር ይሄድና «አባታችሁ ሞቷል» የሚል መልእክተኛ ይልክባቸዋል። ልጆቹ በሐዘን ልባቸው ተመልሶ መድኃኒቱን ይጠጣሉ፣ ይድናሉ፤ አባትም በሕይወት ይመለሳል። የሐሰት መርዶ መሆኑ ነው! መጽሐፉም ሐኪሙ ሊወቀስ ይገባል ወይ ብሎ ጠይቆ አይገባም የሚል መልስ ያስመልሳል። ይህ «ብልሃተኛ ዘዴ» የሚሉት ትምህርት ነው፤ ሰውን ከሥቃይ ለማውጣት ሲባል ቃል ሊጠመዘዝ ይችላል ይላል። የስሪላንካና የታይላንድ መነኮሳት የሚከተሉት፣ ቴራቫዳ የተባለው ክፍል ግን ይህን መጽሐፍ ከቅዱሳት መጻሕፍቱ አይቆጥረውም። ስለዚህ «ቡድሂዝም ምን ይላል?» ቢሉኝ አንድ መልስ የለኝም፤ ሁለት ወንድማማቾች የሚከራከሩበት ቤት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ፍርድ ነው። እርስዎ በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ጽፈውልኛል፤ አንድ ላይ አድርገው ስለሚቆጥሯቸውም ይመስለኛል እንዲህ የከበዱብዎት። የመጀመሪያው መርዶውን ማቆየት ነው። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ጊዜን መጠበቅ ነው፤ ለልዑሉ በተሰጠው ሚዛንም ይቆማል። ሰው ሕመም ላይ እያለ፣ ብቻውን ሳለ፣ በስልክ መርዶ አይነገረውም፤ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ከንጋት በፊት በሩን ያንኳኳል። ይህን ወግ ያቆዩልን አያቶቻችን ስለ ንግግር ጊዜ ብዙ ያውቁ ነበር።

ሁለተኛው «ኔትወርክ የለም» ያሉት ነው። እንደ ራሁላ አባት ከሆነ ይህም ውሸት ነው። በእርሱ ፋንታ «እኔም ድምፁን ከሰማሁ ቆየሁ» ቢሉ ቃሉ እውነት ይሆናል። ይሁንና ራሴን እንዳላታልል፣ ሐሳቡ ያው መሸፈን ነው፤ ለውጡ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ትንሽነቱ ጥቅም አለው፤ ነገ ተመልሰው የሚክዱት ቃል አልተናገሩምና።

ሦስተኛው «ደውሎ ነበር» ያሉት ነው፤ እንቅልፍዎን የነሳዎትም ይኸው መሆኑ ልብዎ በደንብ እንደሚሠራ ያሳያል። መርዶው በተነገረ ማግስት እናትዎ ቀን ይቆጥራሉ። እናት ሁሉ ትቆጥራለች። ሰላምታ ላከልኝ ያሉት ልጅ በዚያ ቀን በመቃብር እንደነበረ ያገኙታል። ያ ቃል ለአንድ ቀን ያጽናናቸው ነበር፤ ነገር ግን ከሞቱ በላይ ሌላ የሚወሰድባቸው ነገር ጨመረ። በደብዳቤዎ ውስጥ ከሎተስ ሱትራው ሐኪም ጋር ሳወዳድርዎት የማገኘው ልዩነት ይህ ነው፤ የእርሱ ሐሰት ሲገለጥ ደስታ ነው፣ የእርስዎ ሲገለጥ ሁለተኛ ሐዘን ነው።

ታዲያ ምን ይሁን? ቡድሃ ከመቅጃው ምሳሌ በኋላ ልጁን «መስታወት ለምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆት ነበር። «ለማየት ነው» አለ ልጁ። እንዲሁ ማንኛውንም ሥራ ከመሥራትህ በፊት፣ እየሠራህ ሳለ፣ ከሠራህም በኋላ አንተን ወይም ሌላውን ይጎዳ እንደሆነ እይ አለው። ጎድቶ ከተገኘም በሐዘን ተዘፍቀህ ቆይ አላለውም፤ ለመምህርህ ወይም ለአስተዋይ ባልንጀራህ ግለጠው፣ ወደፊትም ተጠንቀቅ ነው ያለው። ለንስሐ አባትዎ ነግረዋል፤ ይህ ተፈጽሟል። የቀረው ለወደፊቱ መጠንቀቁ ነው፦ ሐኪማቸው የሚላቸውን ጠይቀው ከሽማግሌዎቹ ጋር የመርዶውን ቀን ቁረጡ፤ እስከዚያ ያን ዓይነት ቃል ዳግመኛ አይናገሩ። ለቅሶው ካለፈ በኋላ፣ እናትዎ ከመጠየቃቸው በፊት፣ እርስዎ ቀድመው «ያን ቀን የዋሸሁሽ እኔ ነኝ እማዬ» ይበሏቸው።

አንድ ታሪክ ብቻ ልጨምር። ኪሳ ጎታሚ የተባለች እናት የሞተ ሕፃኗን ታቅፋ መድኃኒት ስትለምን ወደ ቡድሃ መጣች። ሰው ሞቶበት ከማያውቅ ቤት ጥቂት የሰናፍጭ ፍሬ አምጪ አላት። በየቤቱ ዞረች፤ ሰናፍጩ በየቤቱ አለ፣ ሞት ያልገባበት ቤት ግን የለም። ልጇን ቀብራ ተመለሰች። ቡድሃ «ሞቷል» አላላትም፣ «ይድናል» ብሎም አልዋሻትም፤ መርዶዋን ጎረቤቶቿ እንዲነግሯት ነው የላካት።

ጥያቄ፦ ከአወዳይ ጫት እያመጣሁ እሸጣለሁ። አራት ልጆች አሳድጌ ያስተማርኩበት ሥራ ነው። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከተመለሰች ወዲህ «በቡድሂስቶች ዘንድ የተከለከሉ ንግዶች አሉ፣ ያንተ ከእነርሱ አንዱ ነው» ትለኛለች። እውነት ነው? — ከሐረር፣ ሸዋ በር

መልስ፦ ልጅዎ የጠቀሰችው ዝርዝር አለ። ምእመናን እንዲርቋቸው የተነገሩት አምስት ንግዶች የጦር መሣሪያ፣ የሰው ንግድ፣ ሥጋ፣ የሚያሰክር ነገርና መርዝ ናቸው። ጫት በስሙ አልተጠራም፤ በዚያ ዘመን በህንድ የሚታወቀው ከእህልና ከፍራፍሬ የሚጠመቅ መጠጥ ነበር። ስለዚህ ነገሩ የሚወሰነው በደንቡ መንፈስ ነው፤ የአምስተኛው ደንብ ቁልፍ ቃል ደግሞ በአማርኛ «መዘንጋት» ብዬ የምተረጉመው ነው፤ ማለትም ሰው የራሱን ሥራና ቃል መጠበቅ የሚሳነው ሁኔታ።

በዚህ ሚዛን ጫት አስቸጋሪ ዕቃ ነው። ሐረር ውስጥ ሌሊቱን ሲጸልዩና ሲዘክሩ የሚያድሩ አባቶች ለመንቃት ይቅሙታል። በሩቅ ምሥራቅም ዜን የተባለው የቡድሂዝም ክፍል መነኮሳት በተመስጦ ሰዓት እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ሻይ ይጠጡ ነበር፤ ጃፓናዊው መነኩሴ ኤይሳይ እ.ኤ.አ. በ1211 ስለ ሻይ ጥቅም መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደርሷል። የሚያነቃ ነገር ሁሉ የሚያዘነጋ አይደለም። በሌላ በኩል ይህን መልስ የምጽፈው ከቀትር በኋላ ነው፤ ከመስኮቴ ውጭ ሰፈሬ ከዚራ በበርጫ ሰዓት ጸጥ ብላለች፤ ከተዘጉት ሱቆች መካከልም ከፍተው ቢውሉ ዛሬ እንጀራ የሚያመጡ እንዳሉ አውቃለሁ። (በወጣትነቴ እኔም ከዚያው ጸጥታ ውስጥ ነበርኩ፤ የምርቃና ሰዓት የነደፍኳቸው ዕቅዶች ሁሉ ቢፈጸሙ ድሬዳዋ ሁለት የባሕር ወደብ ይኖራት ነበር።)

ሲጋላ ለተባለ ወጣት በተሰጠው ምክር ውስጥ ቡድሃ የመጠጥን ስድስት ጉዳቶች ይዘረዝራል፦ የገንዘብ ማለቅ፣ ጠብ መብዛት፣ በሽታ፣ የስም መጥፋት፣ ኀፍረትን መግለጥና የአእምሮ መድከም። ልጅዎን ከጎንዎ አስቀምጠው ጫትን በእነዚህ በስድስቱ ይመዝኑት። ጠብን እንጃ፤ ጫት ቤት ውስጥ ከጠብ ይልቅ ዕርቅ አይቻለሁ። የገንዘቡና የእንቅልፍ ማጣቱ ጉዳይ ግን ቀላል አይደለም፤ ገራባ ለቅሞ የሚቅመውን ወጣት እርስዎም ያውቁታል። ከምድቡ ይልቅ እኔ የምጠይቅዎ ሌላ ነው፤ ትናንት ከገዙዎት ሰዎች መካከል ባይገዙዎት ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር የሚሉት ሰው አለ? ካለ ለእርሱ ወይም ዩኒፎርም ለብሶ ለመጣ ልጅ አለመሸጥ ዛሬውኑ በእጅዎ ነው፤ ሙሉ ንግዱን መቀየር ግን እንደ እርስዎ ላለ አባወራ የዓመታት ሥራ ነው።

ለልጅዎም አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ሥጋ መሸጥ እንዲርቁ ከተነገራቸው ንግዶች አንዱ ቢሆንም በቡድሂስት አገሮች ሰዎች ሥጋ መብላት አልተዉም። መነኮሳት እንኳ ለእነርሱ ተብሎ መታረዱን ካላዩ፣ ካልሰሙና ካልጠረጠሩ የተሰጣቸውን ሥጋ እንዲበሉ ተፈቅዶላቸዋል። የማረዱን ሥራ ብዙ ጊዜ ሌሎች ይሠሩታል፤ በጃፓን ይህን ሙያ የያዙ ሰዎች ለዘመናት ተንቀው ኖረዋል። ገዢው ንጹሕ፣ ሻጩ ርኩስ የሚሆንበት ሥነ ምግባር እኔን አያሳምነኝም፤ የእርስዎን ጫት የሚቅሙትም የሸክሙ ተካፋዮች ናቸው።

ጥያቄ፦ ለትንኝ የሚራራ ሃይማኖት በሚያንማር በሮሂንጊያ ሙስሊሞች ላይ የደረሰውን እንዴት ዝም አለ? — ከመጋላ

መልስ፦ ዝም ያለ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ በጥላቻ ስብከት ግንባር ቀደም የሆኑ መነኮሳት ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ጀምሮ በወታደሩ ዘመቻ ከ700,000 በላይ ሮሂንጊያዎች ወደ ባንግላዴሽ ተሰደዋል። ይህን «እውነተኛ ቡድሂስቶች አይደሉም» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አላልፈውም። ማሃቫምሳ የተባለው የስሪላንካ ጥንታዊ ዜና መዋዕል ስለ ንጉሥ ዱታጋማኒ ሲተርክ፣ ንጉሡ በጦርነት ስላስገደላቸው ብዙ ሰዎች ልቡ ቢታወክ የተቀደሱ መነኮሳት መጥተው የገደልከው አንድ ሰው ተኩል ብቻ ነው አሉት ይላል። አንዱ ሙሉ ሰው የተባለው አምስቱን ደንቦች የተቀበለው ነው፣ ግማሹ ደግሞ በቡድሃ የተማጸነው፤ የቀሩት እንደ አውሬ ተቆጠሩ። ሐሳቡን ልብ ይሏል፦ ደንቡ አልተሻረም፣ «ፍጡር» የሚለው ቃል ነው የጠበበው። የየትኛውም ሃይማኖት ሰው ይህን መንገድ ከራሱ ቤት ያውቀዋል።

በዚያው ትምህርት ውስጥ ግን ተቃራኒው ምስክርም አለ። ቡድሃ ወንበዴዎች በመጋዝ አካሉን እየቆራረጡት እንኳ በልቡ ጥላቻን የሚያሳድር ተከታዬ አይደለም ብሏል። የህንዱ ንጉሥ አሾካም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ260 ገደማ ካሊንጋ የተባለውን አገር ድል ከነሣ በኋላ 100,000 ሰው መገደሉን፣ 150,000 በግዞት መወሰዱን በድንጋይ ላይ አስቀርጾ መጸጸቱን በአደባባይ ተናገረ፤ በሌላ ጽሑፉም የራሱን እምነት ለማክበር ሲል የሌላውን የሚያዋርድ ሰው ይበልጥ የሚጎዳው የራሱን ነው አለ። ድል ያደረገ ንጉሥ ድሉን እንደ ጥፋት ሲያስቀርጽ ሌላ ቦታ አላነበብኩም።

ጥያቄ፦ የአብነት ተማሪ ነኝ። ይህ ሁሉ ከእኛ አገር ጋር ምን ያገናኘዋል? — ከሐረር

መልስ፦ ከሚያስቡት በላይ ያገናኘዋል። በግዕዝ «በረላም ወይዋስፍ» የተባለው መጽሐፍ በቤተ መንግሥት ታጥሮ ያደገ የህንድ ልዑል ሕመምና እርጅናን አይቶ ዓለምን እንደናቀ ይተርካል። ልዑሉ ክርስቲያን ሆኖ ቀርቧል፤ ታሪኩ ግን ከቡድሃ ሕይወት የተወረሰ ነው፤ ይዋስፍ የሚለው ስምም ወደ ቡድሃነት የሚጓዘው ሰው ከሚጠራበት «ቦዲሳትቫ» ከሚለው ቃል በዐረብኛ በኩል ተለዋውጦ የመጣ ነው። ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1553 በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን የመለሱት የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ እንባቆም ናቸው። እርሳቸው በየመን ተወልደው በእስልምና ያደጉ፣ በኋላም የተጠመቁ ሊቅ ናቸው፤ ከሐረር ለተነሡት ለኢማም አሕመድ የጻፉት «አንቀጸ አሚን»ም በስማቸው ይታወቃል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከህንድ የመጣ አንድ ምሳሌ አለ፤ አውሬ የሚያሳድደው ሰው ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ቅርንጫፍ ይይዛል፤ ነጭና ጥቁር ሁለት አይጦች ሥሩን ይቆረጥማሉ፣ ከታች ዘንዶ አፉን ከፍቷል፤ ሰውዬው ግን የምትንጠባጠበውን ማር ቀና ብሎ ይልሳል። ከላይ «መዘንጋት» ያልኩት እንደዚህ ያለው ነው። የግዕዙን ጽሑፍ እንግሊዛዊው ባጅ እ.ኤ.አ. በ1923 አሳትሞታል፤ ቋንቋውን ለሚማር ሰው ከዚያ ምሳሌ መጀመር ይቻላል።